የካልያሪዋ ሻጋታ፦ የሴፋሎስፖሪን ግኝት ታሪክና ለእኛ ያለው ትምህርት

ሻጋታ በየቤታችን የጥፋት ምልክት ነው። የሻገተ እንጀራ ከሞሰብ ይወጣል፤ የሻገተ እህል ከጎተራ ተለይቶ ይጣላል፤ እርጥበት ባለበት ግድግዳ ላይ የበቀለ ሻጋታ ተፍቆ ይጠረጋል። ጥንቃቄው ተገቢ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ከሻጋታዎች መካከል ጉበትን ክፉኛ የሚጎዳ መርዝ የሚያመነጩ መኖራቸው የታወቀ ነውና። ይሁን እንጂ ባለፈው መቶ ዓመት ውስጥ የሰውን ልጅ ከሞት በማዳን ረገድ ታላቅ ውለታ ከዋሉት መድኃኒቶች መካከል ከፊሎቹ የተገኙት ከዚሁ ከሚናቀው ፍጥረት ነው። ፔኒሲሊን ከሻጋታ ተገኘ፤ የሴፋሎስፖሪን ወገን የሆኑት መድኃኒቶችም እንዲሁ።

ስለ ፔኒሲሊን ብዙ ተጽፏል፤ የፍሌሚንግ ስም በትምህርት ቤት መጻሕፍት ሳይቀር ይገኛል። የሴፋሎስፖሪን ታሪክ ግን፣ መድኃኒቱን በየቀኑ በምናዝዘውና በምናድለው ባለሙያዎች ዘንድ እንኳ፣ ያን ያህል አይታወቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ታሪክ ከመነሻው እስካሁን ድረስ ባጭሩ ማቅረብና ከዚያም ለሙያችንና ለአገራችን የሚጠቅሙ ሁለት ጥያቄዎችን ማንሣት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ግኝት የማን ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ በብዙ ድካም የተገኘ መድኃኒት እንዴት ተጠብቆ ይቆያል የሚለው ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እናሳስባለን።

፩. የፔኒሲሊን ፈር ቀዳጅነት

የሴፋሎስፖሪንን ታሪክ ያለ ፔኒሲሊን ታሪክ መረዳት አይቻልም። በመስከረም ወር 1928 በለንደን የቅድስት ማርያም ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ከዕረፍት ሲመለሱ፣ ስታፊሎኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ ካራቡባቸው የመስተዋት ሳሕኖች በአንዱ ላይ ሻጋታ በቅሎ፣ በሻጋታው ዙሪያ የነበረው ባክቴሪያም ሟሙቶ አገኙ። ሻጋታው የፔኒሲሊየም ወገን ስለ ነበረ፣ ከእርሱ የሚወጣውን ፈሳሽ ፔኒሲሊን ብለው ጠሩት፤ በ1929ም የምርመራቸውን ውጤት አሳተሙ። ነገር ግን ፍሌሚንግ ንጥረ ነገሩን አጥርቶ ለማውጣት የሚያስፈልገው የኬሚስትሪ እገዛ አልነበራቸውም። ከዚህም የተነሣ ግኝቱ ለአሥር ዓመት ያህል ከቤተ ሙከራ ጠባይ ሳይወጣ ቆየ።

በ1939 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሰር ዊልያም ደን የፓቶሎጂ ትምህርት ክፍል፣ አውስትራሊያዊው ሃዋርድ ፍሎሪና ከናዚ ጀርመን የተሰደዱት ኧርንስት ቼይን ጉዳዩን እንደገና አነሡት። ግንቦት 25 ቀን 1940 ስምንት አይጦች ገዳይ በሆነ የስትሬፕቶኮከስ መጠን ተወጉ፤ ለአራቱ ፔኒሲሊን ተሰጠ፣ አራቱ ያለ መድኃኒት ተተዉ። በማግሥቱ ማለዳ መድኃኒት ያላገኙት አራቱም ሞተው፣ የታከሙት በሕይወት ተገኙ። በየካቲት 1941 የመጀመሪያው ሕመምተኛ፣ ፊቱ በመግል የተበላ አንድ ፖሊስ፣ ሕክምናውን ሲጀምር በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሻለው። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ እጅግ ጥቂት ከመሆኑ የተነሣ ከሕመምተኛው ሽንት ውስጥ እንደገና እየተጣራ ቢሰጠውም አልቋልና፣ በመጋቢት ወር ሕይወቱ አለፈ።

ይህ አሳዛኝ ፍጻሜ የግኝትን ሁለተኛ ምዕራፍ ያመለክታል። አንድ ንጥረ ነገር ፈዋሽ መሆኑን ማወቅና ለሕዝብ የሚበቃ መድኃኒት ማድረግ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የፔኒሲሊን ምርት የተስፋፋው ፍሎሪና ባልደረባቸው ኖርማን ሂትሊ በ1941 ወደ አሜሪካ ተሻግረው፣ በኢሊኖይ ግዛት በፒዮሪያ ከተማ የነበረው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ከበቆሎ ስታርች ሥራ የሚተርፈውን ፈሳሽ ለሻጋታው ምግብ አድርጎ ማብቀል ከጀመረ በኋላ ነው። በ1943ም እዚያው ፒዮሪያ ውስጥ ከሻገተ ሐብሐብ መሰል ፍሬ ላይ የተገኘ ዝርያ ከፍሌሚንግ ሻጋታ እጅግ የበለጠ ምርት ሰጠ። የፍሌሚንግ፣ የፍሎሪና የቼይን የኖቤል ሽልማት በ1945 ሲሰጥ፣ መድኃኒቱ በጦር ሜዳም በሆስፒታልም የታወቀ ሆኖ ነበር።

፪. ካልያሪ፣ 1945

በዚያው በ1945 ዓመት፣ ጦርነቱ አድቅቋት ባለቀችው ጣሊያን፣ በሰርዲኒያ ደሴት ዋና ከተማ በካልያሪ፣ ጁሴፔ ብሮትዙ የተባሉ የሃይጂን ፕሮፌሰር ይሠሩ ነበር። ብሮትዙ በ1895 በዚያችው ደሴት የተወለዱ፣ በሕዝብ ጤና ሥራ የታወቁ፣ የካልያሪ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር የነበሩና ሰርዲኒያን ለዘመናት ያጠቃት ከነበረው ከወባ ጋር በተደረገው ትግል የተሳተፉ ሰው ናቸው። የሚመሩት ተቋም ድሃ ነበር። የኦክስፎርድ ዓይነት መሣሪያ፣ የአሜሪካ ዓይነት ገንዘብ አልነበረውም።

ብሮትዙ የያዙት ጥያቄ ግን ጥሩ ጥያቄ ነበር። የካልያሪ ከተማ ፍሳሽ ቆሻሻ ሱ ሲኩ በተባለው ሥፍራ በኩል ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። የአንጀት ተስቦ በከተማዪቱ ስለ ነበረ፣ በፍሳሹ ውስጥ የበሽታው ባክቴሪያ መገኘቱ የማይቀር ነው። ሆኖም ፍሳሽ ውሃ ከጊዜ በኋላ በራሱ እየጠራ የሚሄድ መሆኑ በሃይጂን ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነበር። ብሮትዙ ይህ መጥራት በከፊል የሚመጣው በውሃው ውስጥ ያሉ ደቂቃን ፍጥረታት እርስ በርሳቸው ስለሚጣሉና አንዱ ሌላውን ስለሚያጠፋ ሊሆን እንደሚችል ገመቱ። የፔኒሲሊን ዜና ይህን ግምት የሚያበረታታ ነበር።

ስለሆነም ፍሳሹ ከሚገባበት ሥፍራ አጠገብ የባሕር ውሃ እየቀዱ በማራባት ሲመረምሩ፣ ሴፋሎስፖሪየም አክሬሞኒየም ተብሎ የተመደበ ሻጋታ አገኙ። ይህ ሻጋታ የሚያመነጨው ነገር ስታፊሎኮከስን ብቻ ሳይሆን የአንጀት ተስቦን ባክቴሪያ ጭምር የሚገታ ሆነ። የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው። በጊዜው የነበረው ፔኒሲሊን የአንጀት ተስቦንና በግራም ማቅለሚያ ቀለም የማይዙትን አብዛኞቹን የአንጀት ባክቴሪያዎች ለማከም የሚበቃ አልነበረም።

ብሮትዙ ንጥረ ነገሩን ነጥሎ ለማውጣት የሚያስችል አቅም አልነበራቸውምና፣ ሻጋታው ያደገበትን ፈሳሽ አጣርተውና ድፍድፉን አዘጋጅተው በሕመምተኞች ላይ ሞከሩት። በብጉንጅና በመግል በቋጠረ እብጠት ውስጥ ተወግቶ፣ ለአንጀት ተስቦ ሕመምተኞችም ተሰጥቶ፣ ተስፋ የሚሰጥ ውጤት ታየ። በዛሬው የሕክምና ምርምር ሥነ ምግባርና ሥርዓት ሲመዘን እንዲህ ያለው ሙከራ የሚፈቀድ አይደለም፤ ያልተጣራ ፈሳሽ በሰው ላይ መሞከር አደጋው ግልጽ ነው። ታሪኩን ስንጽፍ ይህንንም ማለፍ አይገባንም።

ብሮትዙ የአገራቸውን ኢንዱስትሪ ድጋፍ ለማግኘት ቢጥሩም አልሆነላቸውም። በመጨረሻም በ1948 ስለ አዲሱ አንቲባዮቲክ ያደረጉትን ምርምር በራሳቸው ተቋም ጽሑፍ ላይ አወጡ፤ የተሻለ መሣሪያ ያላቸው ሌሎች ተቋማት ሥራውን ወደፊት እንዲገፉትም ተስፋቸውን ገለጹ። ጽሑፉ የወጣበት መጽሔት ከሰርዲኒያ ውጭ አንባቢ የሌለው ያህል ነበር። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የካልያሪዋ ሻጋታ ተረስታ በቀረች ነበር።

፫. ሻጋታዋ ኦክስፎርድ ገባች

ሻጋታዋን ከመረሳት ያዳናት የግል ትውውቅ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በሰርዲኒያ የሕዝብ ጤና መኮንን ሆነው ያገለገሉ ብላይዝ ብሩክ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ብሮትዙን ያውቋቸው ነበር። ጉዳዩን ለብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ባመለከቱ ጊዜ፣ ከኦክስፎርዱ ፍሎሪ ጋር እንዲገናኙ ተነገራቸው። ብሮትዙም የጽሑፋቸውን ቅጂና የሻጋታዋን ናሙና ላኩ። ናሙናው በ1948 ኦክስፎርድ ደረሰ።

ሥራው የተሰጠው በፔኒሲሊን ምርምር ላይ ተካፋይ ለነበሩት ለኤድዋርድ አብርሃምና ለወጣቱ ኬሚስት ለጋይ ኒውተን ነው። ሻጋታዋ የምታመነጨው አንድ ነገር ሳይሆን ብዙ ነገር ሆኖ ተገኘ። በመጀመሪያ የተለየው ሴፋሎስፖሪን ፒ ተባለ፤ ይህ ስቴሮይድ የሆነ፣ በግራም ቀለም የሚይዙትን ባክቴሪያዎች ብቻ የሚገታ ነበር። ስለዚህም ብሮትዙ በአንጀት ተስቦ ባክቴሪያ ላይ ያዩት ውጤት የእርሱ ሊሆን አይችልም። ቀጥሎ የተገኘው ሴፋሎስፖሪን ኤን በሁለቱም ወገን ባክቴሪያዎች ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ ጠባዩ በኬሚስትሪ ሲመረመር ግን ስሙ እንደሚለው ሴፋሎስፖሪን ሳይሆን የፔኒሲሊን ዓይነት መሆኑ ታወቀ፤ በኋላም ፔኒሲሊን ኤን ተባለ። ብሮትዙ በካልያሪ ያዩት ኃይል በአብዛኛው የዚህ ነበር።

በ1953 አብርሃምና ኒውተን ይህንኑ ፔኒሲሊን ኤን አጥርተው ለማውጣት ሲደክሙ፣ አብሮት የሚወጣ ሌላ ጥቂት ነገር አገኙ። ይህ ጥቂት ነገር ሴፋሎስፖሪን ሲ ተባለ። ባክቴሪያን የመግታት ኃይሉ ደካማ ነበር፤ በሻጋታዋ ፈሳሽ ውስጥ ያለው መጠንም እጅግ አነስተኛ ነው። በኃይሉ ብቻ ቢመዘን ኖሮ ከቆሻሻው ጋር ተደፍቶ በቀረ ነበር።

ሳይደፋ የቀረበት ምክንያት ከሌላ የቆየ ግኝት ጋር የተያያዘ ነው። በ1940፣ ፔኒሲሊን ገና ሰው ላይ ሳይሞከር፣ እነዚሁ አብርሃም ከቼይን ጋር ሆነው ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም በባክቴሪያ ውስጥ መኖሩን ገልጸው፣ ፔኒሲሊኔዝ ብለው ሰይመውት ነበር። ይህ የቤተ ሙከራ ግኝት ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሆስፒታል ችግር ሆነ። በአንድ የለንደን ሆስፒታል በ1946 ፔኒሲሊንን የሚቋቋሙት ስታፊሎኮከሶች ከአሥር አንድ ያህል ሲሆኑ፣ በ1948 ከግማሽ በላይ ሆነው ተገኝተዋል። መድኃኒቱ ለሕዝብ በደረሰ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማለት ነው። አብርሃም ጠላቱን ከጅምሩ ስለሚያውቁት፣ አዲሱ ንጥረ ነገር ሲገኝ የጠየቁት ጥያቄ ይህ ነገር በፔኒሲሊኔዝ ይፈርሳልን? የሚል ነበር። ሴፋሎስፖሪን ሲ አልፈረሰም። ለአይጦች በብዙ መጠን ሲሰጥም ጉዳት አላደረሰም። ደካማው ንጥረ ነገር ተፈላጊ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

፬. የአንድ ቀለበት ኬሚስትሪ

የሁለቱ መድኃኒቶች ዝምድና በቅርጻቸው ይታያል። በሁለቱም እምብርት ላይ አራት ማዕዘን ያለው ቤታ ላክታም የተባለ ቀለበት አለ። ይህ ቀለበት በጠባብነቱ ምክንያት የተወጠረ በመሆኑ በቀላሉ ይከፈታል። ባክቴሪያ በዙሪያዋ እንደ ካብ ያለ ጠንካራ ግድግዳ አላት፤ ግድግዳውን የሚያያይዙት ኢንዛይሞች የቤታ ላክታምን ቀለበት ከራሳቸው ሥራ ጋር አመሳስለው ሲይዙት ቀለበቱ ተከፍቶ በላያቸው ላይ ይጣበቃል፣ ሥራቸውም ይቆማል። ግድግዳዋ ያልተያያዘላት ባክቴሪያ ትፈነዳለች። የሰው አካል ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው መድኃኒቱ ጠላትን ከወዳጅ ይለያል። ፔኒሲሊኔዝና መሰሎቹ ኢንዛይሞች ደግሞ ይህንኑ ቀለበት ቀድመው ከፍተው መድኃኒቱን ያመክኑታል።

የፔኒሲሊን ቅርጽ ቤታ ላክታም ያለበት መሆኑን አብርሃምና ቼይን በ1943 ሐሳብ ሲያቀርቡ ታላላቅ ኬሚስቶች ተቃውመዋቸው ነበር። ክርክሩን የዘጋችው በ1945 ዶሮቲ ሆጅኪን በኤክስ ሬይ ያካሄደችው የክሪስታል ምርመራ ነው። በሴፋሎስፖሪን ሲ ላይም ታሪክ ራሱን ደገመ። አብርሃምና ኒውተን በ1959 ቅርጹን በኬሚስትሪ ደርሰውበት ገለጹ፤ ሆጅኪንና ባልደረባዋ ማስለን በ1961 በኤክስ ሬይ አረጋገጡት። በፔኒሲሊን ውስጥ ከቤታ ላክታሙ ጋር የተጋጠመው ሌላው ቀለበት ድኝ ያለበት ባለ አምስት ማዕዘን ሲሆን፣ በሴፋሎስፖሪን ግን ባለ ስድስት ማዕዘን ነው። ይህች የአንድ ማዕዘን ልዩነት በዚያን ጊዜ ከሚታወቀው የስታፊሎኮከስ ፔኒሲሊኔዝ ለማምለጥ በቃች፤ ከዚህም በላይ ኬሚስቶች የሞለኪዩሉን ጎንና ጎን በሁለት ቦታ እንዲለውጡ ዕድል ሰጠች።

የቀረው ችግር የመጠንና የኃይል ነበር። በክሌቭደን የነበረው የሕክምና ምርምር ምክር ቤቱ የአንቲባዮቲክ ጣቢያ ሻጋታዋን በብዛት በማራባትና የበለጠ የምታመነጭ ዝርያ በመምረጥ ለኦክስፎርድ ጥሬ ዕቃ አቀረበ። የሞለኪዩሉ እምብርት፣ ሰባት አሚኖ ሴፋሎስፖራኒክ አሲድ የተባለው፣ በኦክስፎርድ በጥቂቱ ተነጥሎ ወጣ። በአሜሪካ የኢላይ ሊሊ ኩባንያ ኬሚስቶች ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በበቂ መጠን የሚያስገኝ ዘዴ ፈጠሩ። እምብርቱ ከተገኘ በኋላ የተለያዩ ጎኖችን እየቀጠሉ አዳዲስ መድኃኒቶች መሥራት የሚቻል ሆነ። በ1964 ሴፋሎቲን በአሜሪካ፣ ሴፋሎሪዲን በብሪታንያ ገበያ ላይ ዋሉ። ከባሕር ዳሩ ናሙና እስከ መጀመሪያው ጠርሙስ 19 ዓመት ወሰደ።

ከዚያ ወዲህ የሴፋሎስፖሪን ቤተሰብ በትውልድ ትውልድ እየተቆጠረ መጣ። በአፍ የሚወሰደው ሴፋሌክሲን ከመጀመሪያው ትውልድ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ሴፍትሪያክሶን ከሦስተኛው ትውልድ ሲሆን፣ በሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ለብዙ በሽታዎች በቀን አንድ ጊዜ መወጋቱ ይበቃል። ለማጅራት ገትር፣ ለከባድ የሳምባ ምች፣ ለጨብጥ፣ እንዲሁም ብሮትዙ ለጀመሩበት ለአንጀት ተስቦ ያገለግላል። የተከታታይ መርፌ ሰጪ በማይገኝበት የገጠር ጤና ተቋም ይህ በቀን አንድ ጊዜ የመሆኑ ነገር ትልቅ ጥቅም ነው። ሴፍትሪያክሶን በአገራችን ሆስፒታሎች በብዛት ከሚታዘዙት አንቲባዮቲኮች አንዱ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም።

የሻጋታዎች ስጦታ በሁለቱ ቤተሰቦች ብቻ እንደማያበቃ በዚህ አጋጣሚ መግለጽ ይገባል። በሕፃናት ራስ ላይ ለሚወጣው ቆረቆር በአፍ የሚሰጠው ግሪሲዮፉልቪን በ1939 ከፔኒሲሊየም ወገን የተገኘ ነው፤ በሕክምና ላይ የዋለው ግን ከ1958 በኋላ ነው። ፉሲዲክ አሲድ የተባለው የቁስል መድኃኒት ከሴፋሎስፖሪን ፒ ጋር የኬሚስትሪ ዘመድ ነው። በ2001 ለሕክምና የተፈቀደው ካስፖፈንጊንም መነሻው በስፔን አገር በወንዝ ዳር የተገኘ ፈንገስ ነው፤ እርሱ ፈንገስን የሚያጠፋ የፈንገስ ውጤት ነው።

፭. ጥቅሙ ለማን ሆነ?

የፔኒሲሊን ምርምር በኦክስፎርድ በሚካሄድበት ጊዜ ቼይን የባለቤትነት መብት ይመዝገብ ብለው አጥብቀው ተከራክረው ነበር። የሕክምና ምርምር ምክር ቤቱ መሪዎች ግን ለሕሙማን መድኃኒት የሚሆነውን ነገር በመብት ማጠር ከሐኪም ሥነ ምግባር ጋር አይስማማም ብለው ተቃወሙ። ሐሳባቸው የተከበረ ሐሳብ ነበር። ሆኖም የማምረቻ ዘዴዎቹ በአሜሪካ በመብት ተመዘገቡና ብሪታንያ በራሷ ሊቃውንት ግኝት ለሚመረት መድኃኒት ክፍያ ለመክፈል ተገደደች። ከዚህ ቅሬታ የተነሣ ብሪታንያ በ1948 ባወጣችው ሕግ መሠረት ብሔራዊ የምርምር ልማት ኮርፖሬሽን የተባለ ድርጅት አቋቋመች። ሴፋሎስፖሪን ሲ ሲገኝ ይህ ድርጅት በመኖሩ መብቱ ተመዘገበ፤ ለመድኃኒት ኩባንያዎችም በክፍያ ተሰጠ።

ገንዘቡ እጅግ ብዙ ነበር። አብርሃምና ኒውተን ከድርሻቸው አብዛኛውን ለራሳቸው አላዋሉትም። ለሕክምና፣ ለባዮሎጂና ለኬሚስትሪ ምርምር የሚውሉ የበጎ አድራጎት ገንዘቦች አቋቋሙበት፤ በተለይም የኦክስፎርድ ተቋማት እስከ ዛሬ ይረዱበታል። ኒውተን በ1969፣ አብርሃም በ1999 ሲያርፉ፣ ስማቸው ከዚህ ልግስና ጋር ተያይዞ ቀርቷል።

ብሮትዙስ? ከ1955 እስከ 1958 የሰርዲኒያ ክልል ፕሬዚዳንት፣ ቀጥሎም የካልያሪ ከንቲባ ሆነው ሕዝባቸውን አገለገሉ፤ በ1976 ዐረፉ። በአገራቸው ስማቸው ይከበራል፤ የካልያሪ ትልቁ ሆስፒታልም በስማቸው ይጠራል። ነገር ግን ናሙናዋን በነፃ ሰጥተው ነበርና፣ ሻጋታዋ ያስገኘችው ሀብት የምርምር ተቋማትን ያበለጸገው በሰርዲኒያ ሳይሆን በኦክስፎርድ ነው። በዚህ ውስጥ የተሰረቀ ነገር የለም፤ ብሮትዙ ወደው ላኩ፣ ኦክስፎርድም ስማቸውን ሳይደብቅ አመስግኖ ተቀበለ። ያለ ኦክስፎርድ ኬሚስትሪም ሴፋሎስፖሪን ሲ ባልተገኘ ነበር፤ ብሮትዙ ራሳቸው አላዩትምና። ይሁን እንጂ ያለ ካልያሪዋ ሻጋታ የኦክስፎርድ ኬሚስትሪ የሚሠራበት ነገር አልነበረውም። የጥሬ ዕቃው ምንጭ የሆነው ሥፍራ ድርሻ ምን መሆን እንዳለበት የሚወስን ሕግ ግን በዚያን ጊዜ አልነበረም።

ዛሬ ሕጉ አለ። በ1992 የተፈረመው የብዝኃ ሕይወት ስምምነትና በ2010 የተከተለው የናጎያ ፕሮቶኮል፣ አገሮች በሕይወታዊ ሀብታቸው ላይ ያላቸውን መብትና ከጥቅሙ የመካፈል መብታቸውን አረጋግጠዋል። አገራችንም በ1998 ዓመተ ምሕረት አዋጅ ቁጥር 482ን አውጥታለች። ይሁንና ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ የጤፍ ጉዳይ አስተምሮናል። በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የተደረገው የጥቅም መካፈል ውል ለአገሪቱ የታሰበውን ጥቅም ሳያስገኝ ቀረ፤ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የተመዘገበው መብት በኔዘርላንድ ፍርድ ቤት ውድቅ የሆነው በ2018 ነው። ውል የሚጠቅመው አገሩ ውስጥ የሚከታተለው፣ የሚመረምረውና የሚያመርተው ባለሙያ ሲኖር ነው።

ስለ ሻጋታና ስለ ሌሎች ደቂቅ አካላት ስንናገርም ያው ነው። ከዳሎል ጨዋማና ሞቃት ምድር እስከ ባሌ ደጋ ጭቃና እስከ ደቡብ ምዕራብ ደኖች ድረስ ያለው አፈራችን በብዙ ዓይነት ደቂቅ ፍጥረታት የተሞላ ነው። በ1976 የዕፅዋት ጀነቲክ ሀብት ማዕከል ሆኖ ተቋቁሞ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋም የደቂቅ አካላት ክምችትም ይዟል። የብሮትዙ ታሪክ የሚያሳየን፣ የመጀመሪያው እርምጃ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ መሆኑን ነው፦ የመስተዋት ሳሕን፣ የማራቢያ ምግብ፣ ንጹሕ እጅና ጥሩ ጥያቄ። ሁለተኛው እርምጃ፣ ማለትም አጥርቶ ማውጣትና ቅርጹን ማወቅ፣ የኬሚስት ጓድ ይፈልጋል። ድሃ ተቋም እስከ ሁለተኛው እርምጃ ካልደረሰ ናሙና ላኪ ሆኖ ይቀራል።

፮. የተገኘውን መጠበቅ

ሁለተኛው ጥያቄያችን የበለጠ አጣዳፊ ነው። የሴፋሎስፖሪን ታሪክ የተጀመረው ፔኒሲሊኔዝን በማምለጥ ነበር። ባክቴሪያ ግን አላረፈችም። በ1983 ከጀርመን ሕመምተኞች የተወሰዱ ባክቴሪያዎች የሦስተኛውን ትውልድ ሴፋሎስፖሪኖች ጭምር የሚያፈርስ ኢንዛይም ይዘው መገኘታቸው ተገለጸ። ኢንዛይሙን የሚያስገኘው የዘር መልእክት ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ በሚተላለፍ ጓዝ ውስጥ የተቀመጠ በመሆኑ በአንጀት ባክቴሪያዎች መካከል ይዛመታል። ዛሬ እንዲህ ያሉት ባክቴሪያዎች በአገራችን ሆስፒታሎችም ይገኛሉ። ሴፍትሪያክሶን ያልሠራለት ሕመምተኛ የሚቀረው አማራጭ ጥቂትና ውድ ነው፤ በብዙ ሥፍራም ጨርሶ አይገኝም።

በ2022 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን እንደሚደርስ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ሲመድብ፣ ሴፋሌክሲን በቀላሉ ሊገኙ ከሚገባቸው መካከል ሲቆጠር፣ ሴፍትሪያክሶን በጥንቃቄ ሊታዘዙ ከሚገባቸው ወገን ተመድቧል። ይህ ምደባ በወረቀት ላይ እንዳይቀር የማድረጉ ኃላፊነት በመጀመሪያ የሚወድቀው በእኛ ላይ ነው።

ከሙያ ባልደረቦቻችን መካከል የማያውቀው ያለ አይመስለንም፤ ለተራ ጉንፋን ሴፍትሪያክሶን ይወጋል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ በመስኮት ይሸጣል፤ ሕመምተኛው ሲሻለው የቀረውን ለጎረቤት ያካፍላል። ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰው አንድ መጠን ቅድመ መከላከያ የሚበቃው ሲሆን ለቀናት ይወጋል። አዛዡ ሐኪም ሕመምተኛው ተጎድቶ እንዳይወቀስ ይፈራል፤ የቤተ ሙከራ ምርመራው ዘግይቶ ይደርሳል ወይም ጨርሶ የለም፤ አዳዩ ደግሞ ባይሸጥ ሌላው እንደሚሸጥ ያውቃል። እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲታይ የሚገባ ይመስላል። ድምሩ ግን 19 ዓመት የፈጀውን ሥራ ማፍረስ ነው።

ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ንግግራቸው መድኃኒቱን ከሚገባው በታች በሆነ መጠን መውሰድ ባክቴሪያን እንደሚያስተምር አስጠንቅቀው ነበር። አብርሃምም ኢንዛይሙን ያገኙት መድኃኒቱ ለሰው ሳይደርስ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ያልተነገረን ነገር የለም።

የካልያሪዋ ሻጋታ የሰጠችን አንዲት ቀለበት ናት። ቀለበቲቱን ለማግኘት አንድ የሃይጂን ሊቅ ከፍሳሽ አጠገብ ውሃ ቀዳ፤ አንድ ሐኪም ደብዳቤ ጻፈ፤ ሁለት ኬሚስቶች ሌላው ሊደፋው የሚችለውን ዝቃጭ አጠኑ፤ አንዲት የክሪስታል ሊቅ ቅርጿን አረጋገጠች፤ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ሠራተኞችም ሻጋታ ሲያበቅሉ ዋሉ። የዚህ ሰንሰለት የመጨረሻው ቀለበት መድኃኒቱን የሚያዝዘው፣ የሚያድለውና የሚወጋው እጅ ነው። ማኅበራችን በየዓመቱ ስለ ሥልጠናና ስለ ሕግ ማስከበር ሲመክር፣ በየሆስፒታሉ ያለው የመድኃኒት ኮሚቴም ስለ ሴፍትሪያክሶን አጠቃቀም ሲወስን፣ በእጃችን ያለው ዕቃ ከየት እንደ መጣና በምን ያህል ድካም እንደ መጣ ማስታወሱ ለውሳኔው ክብደት ይሰጠዋል። ነገ ጠዋት የሚቀርብልን የመጀመሪያው የሐኪም ትእዛዝ መመርመር የሚገባውም በዚህ መንፈስ ነው።